ሲበላሽ የሚጠገን የቢሮ ኮምፒውተር እንዴት ይመረጣል?

ለቢሮ ኮምፒውተር ልንገዛ ሱቅ ስንገባ የምንጠይቀው የታወቀ ነው። ኮር ስንት ነው? ራሙስ? የመጨረሻ ዋጋው ስንት ነው? «ነገ ቢበላሽ ይጠገናል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ሰው ነው። ይህ ጥያቄ የሚነሳው ላፕቶፑ አልበራ ሲል፣ የሒሳብ ሠራተኛዋም የወሩ ግብር ማሳወቂያ ጊዜ ሊያልፍባት ሲል ነው። ያን ጊዜ በጣም ዘግይቷል። ራሙ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች የሚያያዙበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ተበይዶ ከሆነ የትኛውም ጎበዝ ጠጋኝ ነቅሎ ሌላ አይሰካላችሁም። ባትሪው በማጣበቂያ ከተለጠፈ፣ ኪቦርዱም ከሽፋኑ ጋር አንድ ላይ ከተሠራ ነገሩ ያው ነው።

ጉዳዩ እኛ ጋ ይከብዳል። ኮምፒውተር የሚገባው በውጭ ምንዛሪ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ለትንሽ ድርጅት አዲስ ዕቃ መግዛት ቀላል አይደለም። ከውጭ አገልግሎ የመጣ ላፕቶፕም የአምራቹ ዋስትና አብሮት አይመጣም፤ ብዙውን ጊዜ እዚያው አልቆ ነው የሚደርሰን። ስለዚህ የምንገዛው ዕቃ እዚሁ ተከፍቶ፣ እዚሁ በሚገኝ መለዋወጫ የሚጠገን መሆን አለበት።

መመሪያው የተጻፈው ከአምስት እስከ ሠላሳ ኮምፒውተር ለሚገዛ ቢሮ ነው። የሒሳብ አገልግሎት፣ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ የጉዞ ወኪል፣ ትንሽ የግብረ ሰናይ ድርጅት። የአይቲ ባለሙያ ባይኖራችሁም ትከተሉታላችሁ።

1. ማን ምን እንደሚሠራ ጻፉ

ይህ አጭር ሥራ ነው። የሠራተኞቹን ስም በአንድ በኩል፣ የሚጠቀሙበትን ፕሮግራም በሌላ በኩል ጻፉ። የሒሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪ፣ ኤክሴል፣ ኢሜይልና ብራውዘር ብቻ የሚጠቀም ሰው ውድ ፕሮሰሰር አያስፈልገውም። ለእሱ የሚያስፈልገው 16 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት ፈጣን ማከማቻ) ነው። ግራፊክስ ወይም ቪዲዮ የሚሠራ ካለ ለብቻው አስቡለት።

ከዚያ ላፕቶፕ ወይስ ዴስክቶፕ የሚለውን ወስኑ። ዴስክቶፕ ለመጠገን ይቀላል። ላፕቶፕ ደግሞ መብራት ሲሄድ ባትሪው ይይዘዋል። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚሄድበት ሰፈር ያላችሁ ከሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለዴስክቶፕ የምትገዙትን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ዋጋ አስልታችሁ አወዳድሩ።

2. ለቢሮ ተብሎ ከተሠራው መስመር አትውጡ

ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮ ሁለት ዓይነት ላፕቶፕ ይሠራሉ። አንደኛው ለቤት ተጠቃሚ የሚሸጠው ነው፤ ኢንስፓይሮን፣ ፓቪሊዮን፣ አይዲያፓድ የሚባሉት። ሁለተኛው ለድርጅቶች የሚሸጠው ነው፤ የዴል ላቲቲውድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክና ፕሮቡክ፣ የሌኖቮ ቲንክፓድ። (ዴልና ኤችፒ በቅርብ ዓመታት ከእነዚህ ስሞች አንዳንዶቹን ለአዲስ ምርቶቻቸው ቀይረዋል።)

የሁለተኛውን ዓይነት የሚገዙት ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው። በብዛት ይገዛሉ፤ ሦስት አራት ዓመት ይጠቀሙና በአንድ ጊዜ ያስወጧቸዋል። እኛ አገር በዱባይም ሆነ ከአሜሪካና ከአውሮፓ «ስላይትሊ ዩዝድ» እየተባሉ የሚገቡት አብዛኞቹ እነዚህ ናቸው። አንድ ሞዴል በብዛት ሲሸጥ የተጣሉትም በዚያው ልክ ይበዛሉ። ኪቦርዱ፣ ስክሪኑ፣ ፋኑ፣ ማጠፊያው ከእነሱ ይገኛል። ጠጋኞቻችንም ደጋግመው ስለከፈቷቸው በደንብ ያውቋቸዋል።

«ብራንድ ኒው» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ያታልላል። በርካሽ ከሚሸጡት አዳዲስ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ማከማቻቸው ኢኤምኤምሲ የሚባል፣ 64 ወይም 128 ጊጋባይት ብቻ የሚይዝ፣ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ሲሞላ ማሳደግ አይቻልም። ሲሞት ማዘርቦርዱም አብሮት ሄደ ማለት ነው። በዚያው ዋጋ የሚገኝ፣ የአራት አምስት ዓመት ዕድሜ ያለው ላቲቲውድ ወይም ኤሊትቡክ ከዚህ የተሻለ የቢሮ ዕቃ ነው። ይህን ያለ ማመንታት እናገራለሁ።

3. የጥገና መጽሐፉን ከመግዛታችሁ በፊት አውርዱ

ከዚህ ሁሉ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። ሦስቱም ኩባንያዎች የቢሮ ኮምፒውተሮቻቸው እንዴት እንደሚፈቱና እንደሚገጠሙ በሥዕል የሚያሳይ መጽሐፍ ድረ ገጻቸው ላይ በነጻ ያስቀምጣሉ። ዴል «ሰርቪስ ማኑዋል»፣ ኤችፒ «ሜንቴናንስ ኤንድ ሰርቪስ ጋይድ»፣ ሌኖቮ «ሃርድዌር ሜንቴናንስ ማኑዋል» ይሉታል። የሞዴሉን ሙሉ ስም ከዚህ ጋር አድርጋችሁ ፈልጉ፤ በስልካችሁም ይወርዳል።

ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አይጠበቅባችሁም። ስለ አንድ ዕቃ አወጣጥ የሚናገረው ገጽ ሲጀምር «መጀመሪያ እነዚህን አውጣ» የሚል ዝርዝር አለው። ዝርዝሩ ላይ ስንት ዕቃ እንዳለ ቁጠሩ። ባትሪ ለማውጣት የታች ሽፋኑን መክፈት ብቻ በቂ ከሆነ ጥሩ ነው። ኪቦርድ ለማውጣት ግን ባትሪው፣ ኤስኤስዲው፣ ፋኑ፣ ማዘርቦርዱ ሁሉ ይውጣ የሚል ከሆነ፣ ቡና በፈሰሰበት ቁጥር ላፕቶፑ አንድ በአንድ ይፈታል ማለት ነው። የሚበዛባችሁ የእጅ ዋጋ ነው፤ በዚያ ላይ ሲፈታ የሚበጠስ ቀጭን ገመድ አይጠፋም።

የምታዩአቸው ገጾች ስድስት ናቸው፦ ባትሪ፣ ራም፣ ኤስኤስዲ፣ ኪቦርድ፣ ፋንና የቻርጅ ቀዳዳ። ቶሎ የሚያልቁት ወይም የሚበላሹት እነዚህ ስለሆኑ ነው።

በምሳሌ እንየው። ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ገበያችን ላይ በደንብ የሚታወቅ ላፕቶፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ነው። ሁለት የራም ማስገቢያ አለው፤ ሁለቱም የሚነቀል ራም ይቀበላሉ። ባትሪው ሁለት ነው። የውጭው ከታች ያሉትን ሁለት መቆለፊያዎች ሳብ ሲያደርጉ ያለ ካቻቢቴ ይወጣል፤ የውስጡ ሽፋኑ ሲከፈት ይገኛል። የሽፋኑ ብሎኖች ተፈትተውም ከሽፋኑ አይወድቁም፤ ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ሦስት ጊዜ ተከፍቶ ሁለት ብሎን የጎደለው ላፕቶፕ የያዘ ሰው ጥቅሙን ያውቀዋል። ኪቦርዱም ማዘርቦርዱ ሳይነካ ከላይ ይነሳል።

አሁን ስሙ ላይ አንድ ፊደል ጨምሩ። ቲ480ኤስ ይሆናል። ቀጠን ያለ፣ ያማረ ነው። ግን ከራሙ ግማሹ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ የሚነቀለው አንዱ ብቻ ነው። የተበየደው ራም ቢበላሽ ጉዳዩ የማዘርቦርድ ጉዳይ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ቲ490ና የመጀመሪያዎቹ ቲ14ቶችም እንደዚሁ ግማሽ የተበየዱ ናቸው። ኤክስ1 ካርቦን ደግሞ ራሙ ሙሉ በሙሉ የተበየደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ቲ14 ጄን 5 ላይ ሌኖቮ ወደ ሁለት የሚነቀል ራም ተመልሷል። አዲሱ ሁልጊዜ ከአሮጌው የተሻለ የሚጠገን አይደለም፤ ሞዴሉን በስሙ ማየት ግድ ነው። ከዴል ላቲቲውድ 5490ና 5420፣ ከኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 እስከ ጂ8 ያሉት ሁለት የራም ማስገቢያ አላቸው።

ቲ480ም እንከን አለው። ቻርጅ የሚደረገው በዩኤስቢ-ሲ ነው፤ ቀዳዳው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ሲላላ ብየዳ የሚችል ጠጋኝ ይፈልጋል። ላቲቲውድ 5490 ላይ ግን ክቡ የቻርጅ ቀዳዳ ራሱን የቻለ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ከነገመዱ ተነቅሎ በሌላ ይተካል። ቲ480 ከመረጣችሁ ደግሞ እንደገዛችሁ የተንደርቦልት (የፈጣኑ የዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ) ፈርምዌሩን፣ ማለትም ዕቃው ውስጥ ያለውን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር፣ አዘምኑ። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2019 በወጡ አንዳንድ ቲንክፓዶች ላይ የዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳው ሥራ እንዲያቆም የሚያደርግ የፈርምዌር ችግር ነበር፤ ሌኖቮ ማስተካከያውን በነጻ አውጥቷል። ካልተዘመነና ቀዳዳው ከሞተ ብዙ ጊዜ ማዘርቦርድ መቀየር ይመጣል።

ማክቡክ የሚፈልግ ግራፊክስ ሠራተኛ ካለ ይህን አስረዱት። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ኤም1ና ከዚያ በኋላ ያሉት ማክቡኮች ራማቸው ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ላይ ነው፤ ማከማቻቸውም ተበይዷል። ሥራው የግድ ካለ ግዙ፤ ግን የሚበቃውን ራምና ማከማቻ ከመጀመሪያው ግዙለት፤ መጠባበቂያ ቅጂም ሳትይዙ አንድ ቀን አታሳድሩ።

4. ዊንዶውስ 11 የማይቀበለውን ተዉት

የሚጠገን ኮምፒውተር ሶፍትዌሩ ካረጀ ዋጋ የለውም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍልና፣ ኢንቴል ከሆነ፣ በአጠቃላይ 8ኛ ጀነሬሽን ወይም ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ይፈልጋል።

በሞዴሉ ስም ብቻ አትመኑ። ቲ480ና ኤሊትቡክ 840 ጂ5 በአብዛኛው 8ኛ ጀነሬሽን ናቸው፤ ግን በ7ኛ ጀነሬሽን የተሸጡም አሉ። ሻጩ «8ኛ ነው» ቢላችሁ ራሳችሁ ክፈቱና እዩ። ዊንዶውስ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ውስጥ ገብታችሁ የፕሮሰሰሩን ቁጥር አንብቡ። አይ5-8350ዩ ካለ ከሰረዙ በኋላ ያለው 8 ጀነሬሽኑ ነው። አይ5-7300ዩ ካለ 7ኛ ነው፤ ለዚህ ግዢ አይሆንም። ቁጥሩ በ1 ከጀመረ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አኃዞች አንብቡ፤ 10310 ማለት 10ኛ ነው።

5. አንድ ሞዴል ምረጡና ሁሉንም ከእሱ ግዙ

የሻጮች ቅናሽ እዚህ ላይ ይፈትናል። ሦስት ዴል፣ ሁለት ኤችፒ፣ ሁለት ሌኖቮ ተደባልቀው በጥሩ ዋጋ ይቀርቡላችኋል። አትውሰዱ።

ሰባት ሰው ያለው የሒሳብ ቢሮ እንበል። ሰባቱም ላፕቶፖች ላቲቲውድ 5490 ከሆኑ ቻርጀር የረሳ የባልደረባውን ይሰካል። አንዱ ስክሪኑ ቢሰበር፣ ከዓመት በኋላ የሌላው ማዘርቦርድ ቢቃጠል፣ ከሁለቱ አንድ ጤነኛ ይወጣል። ማዘርቦርዱ የሞተው አይጣልም። ኪቦርዱ፣ ራሙ፣ ፋኑ፣ ማጠፊያው፣ ዋይፋይ ካርዱ፣ ሁሉም ለቀሩት ስድስት መለዋወጫ ነው። ጠጋኙም አንዴ ከፍቶ የለመደውን ደጋግሞ ይከፍታል፤ የሚጠይቃችሁ ገንዘብም ይቀንሳል።

ሁሉንም ከአንድ ማግኘት ካልቻላችሁ ቢያንስ የራሙን ዓይነት አንድ አድርጉ። ዲዲአር4ና ዲዲአር5 አይቀያየሩም፤ ማስገቢያቸው ራሱ ይለያያል። ሰባት ሠራተኛ ካለ ስምንት ላፕቶፕ ግዙ ብዬ እመክራለሁ። ስምንተኛው ካቢኔ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። አንዱ ጥገና ሲገባ ሥራው አይቆምም፤ ጠጋኙንም «ዛሬውኑ ካልሠራህ» እያላችሁ አታዋክቡትም።

6. መለዋወጫው ከተማችሁ ውስጥ መኖሩን ጠይቁ

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ጠጋኞች ጋ ደውሉ። መርካቶም ሆነ መገናኛ፣ ባሕር ዳርም ሆነ ሐዋሳ፣ ጥያቄው አንድ ነው። «የዚህ ሞዴል ባትሪ አለ? ስክሪን አለ? ኪቦርድ አለ? ስንት ነው? ከሌለ በስንት ቀን ይመጣል?» ሦስቱም «በትእዛዝ ነው» ካሉ ሌላ ሞዴል ፈልጉ። ሁለቱ «አለ» ካሉና ዋጋቸው ከተቀራረበ ያ ሞዴል በደንብ የሚሠራበት ነው። የነገሯችሁን ዋጋ ጻፉት፤ ሁለት ሻጮችን ስታወዳድሩ የባትሪውን፣ የስክሪኑንና የኪቦርዱን ዋጋ ከላፕቶፑ ዋጋ ጋር ደምሩ። ርካሽ የመሰለው ላፕቶፕ አንዳንዴ እዚህ ላይ ይወደዳል።

ስክሪኑ በጣት የሚነካ («ታች ስክሪን») የሆነውን አትምረጡ። ታች ስክሪን ብዙ ጊዜ መስታወቱና ማሳያው ተጣብቀው የሚመጡ ስለሆኑ ሲሰነጠቅ የሚቀየረው ሁለቱም ነው። ታች ያልሆነ 14 ኢንች ፉል ኤችዲ ስክሪን በብዛት ባለ 30 ፒን ገመድ የሚሠራና ከተለያዩ አምራቾች የሚገኝ ነው። ለማዘዝ ሲሆን ግን የፒኑን ቁጥርና የብሎን ቦታውን ከአሮጌው ስክሪን ጀርባ አይታችሁ እዘዙ።

መለዋወጫ በሞዴል ስም ብቻ አታስመጡ፤ በክፍል ቁጥር ይሁን። ሌኖቮ ኤፍአርዩ ይለዋል፤ ዕቃው ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ዴል ከታች ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለው ሰርቪስ ታግ አለው፤ ድረ ገጹ ላይ ስታስገቡት ኮምፒውተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ምን እንደነበረበት ይዘረዝራል። ይህ ዝርዝር ሲገዙም ይጠቅማል። ሲወጣ 16 ጊጋ የነበረው አሁን 8 ከሆነ ከራሙ ተቀንሷል ማለት ነው።

ዕቃውን ከውጭ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነም ይህንኑ የክፍል ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። ባትሪ ከሆነ አየር መንገዱ ስለ ሊቲየም ባትሪ ያለውን ደንብ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫን ሻንጣ አይገባም።

7. ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ፈትሹ

ያገለገለ ዕቃ ሳይፈተሽ አይገዛም። ሻጩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ።

ከመቆለፊያው ጀምሩ፤ ምክንያቱም ይህ ካለ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩና ወዲያው ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ ቲንክፓድ ኤፍ1፣ ዴል ኤፍ2፣ ኤችፒ ኤፍ10። ባዮስ የሚባለው፣ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ገጽ ይከፈታል። የይለፍ ቃል ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው ተዉት። ቲንክፓድ ላይ የሱፐርቫይዘር የይለፍ ቃል ከጠፋ ሌኖቮ የሚሰጠው መፍትሔ ማዘርቦርድ መቀየር ነው። «እናስከፍተዋለን» የሚለውን ተስፋ አትግዙ።

ቀጥሎ ዊንዶውሱን ሪሴት አስደርጉና መጀመሪያ ሲነሳ ከኢንተርኔት ጋር አገናኙት። ከኩባንያ የወጣ ላፕቶፕ ከመዝገብ ካልተሰረዘ «እንኳን ወደ እንትን ኩባንያ መጡ» የሚል መልእክት ያወጣና በኩባንያው ኢሜይል ግባ ይላል። ይህ ማለት የቀድሞው ባለቤት ዕቃውን አሁንም ከርቀት ያስተዳድረዋል ማለት ነው። ኢንተርኔት ሳይገናኝ ስለተጫነ ብቻ ንጹሕ የሚመስል አለና ይህችን ፍተሻ አትዝለሏት።

ከዚያ ላፕቶፑን ክዳኑን ዘግታችሁ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። በአንድ ጥግ ጫን ሲሉት ከተወዛወዘ፣ ወይም ታችፓዱ ወደ ላይ አብጦ አልጫን ካለ፣ ባትሪው አብጧል። ያበጠ ባትሪ አይወጋም፣ አይጫንም፣ ቻርጅ አይደረግም፤ ይቀየራል። ጤነኛ ከመሰለ አቅሙን እዩ። ዊንዶውስ የሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት «ዲዛይን ካፓሲቲ» እና «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉት። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሉ። ከ80 በመቶ በላይ ከሆነ ደህና ነው። 50 አካባቢ ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከላፕቶፑ ላይ ይቀነስላችሁ። ዴል ላይ ባዮሱ ራሱ የባትሪውን ጤንነት ይናገራል።

የቀረው ቶሎ ያልቃል። ኪቦርዱን ሁሉንም ተጫኑ። እያንዳንዱ ዩኤስቢ ላይ ፍላሽ ሰኩ። ቻርጀሩን ሰክታችሁ ጫፉን ቀስ ብላችሁ ነካ ነካ አድርጉት፤ ቻርጁ ከተቆራረጠ ቀዳዳው ላልቷል። ካሜራ፣ ድምጽ፣ ዋይፋይ። ዴል ላይ ሲነሳ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ2 ተጭናችሁ ውስጡ ያለውን የራሱን መመርመሪያ አስኪዱት፤ ራሙንና ኤስኤስዲውን ይፈትሻል። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ ሽፋኑም ይከፈት። ውሃ የነካው ማዘርቦርድ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ይታይበታል።

8. ዴስክቶፕ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩን እዩ

ዴስክቶፕ ላይ መብራት ቶሎ የሚገድለው ፓወር ሰፕላይን ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ይህ ሲቃጠል ሌላ ከየት ይመጣል?» ነው። ኤቲኤክስ የሚባለውን መደበኛ መጠን ፓወር ሰፕላይ የሚጠቀም ታወር (ትልቁ፣ ቆሞ የሚቀመጠው ዴስክቶፕ) ከሆነ ከየትኛውም የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ የተገዛ ይገጥመዋል። የዴል ኦፕቲፕሌክስና የኤችፒ ኤሊትዴስክ ቀጫጭኖቹ ግን ቅርጻቸውም መሰኪያቸውም የራሳቸው ነው። ጥሩ ማሽኖች ናቸው፤ ብቻ ስትገዙ ትርፍ ፓወር ሰፕላይ አብሮ መገኘቱን አረጋግጡ።

ለመብራታችን የምወደው ትንሹን ሚኒ ነው። ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ ቲንክሴንተር ታይኒ፣ ኤሊትዴስክ ሚኒ። ፓወራቸው እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር ከውጭ ነው። መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ቻርጀሩ ነው፤ እሱን ነቅሎ ሌላ መሰካት ጸሐፊዋም ትችላለች። ዩፒኤስም ላይ ጭነታቸው ትንሽ ነው።

ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ታወር ካጋጠማችሁ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን እዩ። የቆዩ ፓወር ሰፕላዮች 115 ወይም 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አላቸው። 115 ላይ እንዳለ 220 ቮልት ስትሰኩት ባንድ አፍታ ይቃጠላል። ማብሪያ ከሌለው መለያው ላይ 100-240 መጻፉን አንብቡ።

9. ፕሮፎርማው ላይ በግልጽ ጻፉት

ሦስት ፕሮፎርማ ስትሰበስቡ «ላፕቶፕ፣ ኮር አይ5፣ 16 ጊጋ» ብቻ ከጻፋችሁ የሚያሸንፈው ርካሹ ነው፤ ርካሹ ደግሞ የተበየደ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«ላፕቶፕ፣ የቢሮ መስመር፣ 14 ኢንች ፉል ኤችዲ፣ ታች ያልሆነ። ፕሮሰሰር 8ኛ ጀነሬሽን ወይም ከዚያ በላይ፣ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበል። ራም 16 ጊጋባይት፣ ሁለት ማስገቢያ ያለው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያልተበየደ። ኤስኤስዲ 256 ጊጋባይት፣ የሚነቀል። ባትሪው ያለ ማጣበቂያ የሚወጣ፣ ከመጀመሪያ አቅሙ ቢያንስ 80 በመቶ የሚይዝ። የባዮስ ወይም የኩባንያ መቆለፊያ የሌለበት። ሁሉም አንድ ሞዴል።»

ደረሰኙ ላይ የእያንዳንዱ ሴሪያል ቁጥር ይጻፍ። ሻጩ የሚሰጠው ዋስትና በቃል ከሆነ እንደሌለ ቁጠሩት። ስንት ወር እንደሆነ፣ ባትሪንና ቻርጀርን ይጨምር እንደሆነ፣ መቆለፊያ ቢገኝ ገንዘብ ይመለስ እንደሆነ በጽሑፍ ይሁን።

10. ከገዛችሁ በኋላ

አንድ ኤክሴል ክፈቱ። የሠራተኛው ስም፣ ሴሪያል ቁጥር፣ የተገዛበት ቀን፣ የተቀየረ ዕቃ፣ የወጣ ገንዘብ። ከሁለት ዓመት በኋላ የትኛው ዕቃ ደጋግሞ እንደሚበላሽ ይህ ሰንጠረዥ ይነግራችኋል፤ ቀጣዩንም ግዢ የሚመራው እሱ ነው።

ካቢኔው ውስጥ ሁለት ትርፍ ቻርጀር፣ አንድ ኤስኤስዲ፣ አንድ ራም፣ ትንንሽ ጫፍ ያለው አንድ ጥሩ ካቻቢቴ ይኑር። ባትሪ ግን አስቀድማችሁ በብዛት ገዝታችሁ አታስቀምጡ። ሊቲየም ባትሪ ሳይሠራበትም ያረጃል። አንድ ትርፍ መያዝ ካስፈለገ ከሙሉ አቅሙ ግማሽ ያህል ቻርጅ አድርጋችሁ ሙቀት በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት፤ በየሦስት በየአራት ወሩ እያያችሁ ከወረደ መልሳችሁ እዚያው ግማሽ ላይ አድርሱት።